የክኑትስ ቤት ወንበር

ዛሬም ድረስ ሰው «ቁጭ በይ» ሲለኝ ደስ አይለኝም። ሰማንያውን አልፌ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ እንኳ፣ ወንበር ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማስበው የማን ወንበር እንደሆነ ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱን በሚቀመጡበት ቦታ ማንም ተከራክሯቸው አያውቅም።

እኔ ሲልያን ሐይቅ ዳር ወዳለው መንደር የመጣሁት በአራት ዓመቴ ነው። ፊንላንድ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ልጆቿን በባቡርና በመርከብ እየጫነች፣ አንገታቸው ላይ የስም ካርድ እያንጠለጠለች ወደ ስዊድን ትልክ ነበር። እኔም «አይሊ» የሚል ካርድ አንጠልጥዬ ጌርትሩድና ሃልቫር ቤት ደረስኩ። ልጅ አልወለዱም። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ጌርትሩድ ካርዱን ከአንገቴ አውልቃ ምድጃ ውስጥ ከተተችው ይላሉ፤ እኔ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ትኩስ ወተትና የሃልቫርን ትልልቅ ጫማዎች ነው። ዓመት ሳይሞላኝ ጌርትሩድን «እማ» ማለት ጀመርኩ፤ የቀድሞ ቋንቋዬን ውሃ በላው።

በዚያ አገር ቤት ስም አለው፤ የቤቱ ስም ደግሞ ከሰው ስም ይቀድማል። የእኛ ቤት ክኑትስ ይባላል። ስለዚህ ሃልቫር ዝም ብሎ ሃልቫር አይደለም፣ ክኑትስ ሃልቫር ነው፤ ጌርትሩድም ክኑትስ ጌርትሩድ። ላሚቱ እንኳ ስትጠፋ «የክኑትሷን አይታችኋል?» ተብላ ትፈለጋለች። እኔ ግን አይሊ ብቻ ነበርኩ፤ ሰው ሲከፋው ደግሞ «የፊንላንዷ ልጅ»። ላም የቀደመችኝ መሆኑ ያንገበግበኝ ነበር።

ይሄ ነገር ፍጥጥ ብሎ የሚታየው ጀልባው ላይ ነው። መንደራችን ረጅም፣ ጠባብ፣ በቅጥራን የጠቆረ ጀልባ ነበረው። ሺርክቦት ይሉታል፤ የቤተ ክርስቲያን ጀልባ ማለት ነው። ድሮ መንገድ ሳይኖር መንደርተኛው በሙሉ በየሰንበቱ በእሱ እየቀዘፈ ሐይቁን ተሻግሮ ነበር የሚያስቀድሰው። በእኔ ጊዜ አውቶቡስ ገብቷል፤ ቢሆንም ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ መጥለቅ የምትረሳበት ሰሞን፣ ለበዓሉ በጀልባው ካልተሄደ በዓል አይመስላቸውም። ጀልባው የአንድ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ወንበር፣ የራሱ መቅዘፊያ አለው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ የዚያ ቤት ሰው ብቻ ነው። ሰው ከጎደለ ወንበሩ ባዶውን ይሄዳል እንጂ ሌላ አይነካውም። እንግዳ ከኋላ፣ መሪውን ከሚይዘው ከአባባ የንስ አጠገብ፣ ትራስ ላይ ይቀመጣል፤ ሙሽራም፣ ክርስትና የሚነሳ ሕፃንም እዚያው ነው።

እኔ ሦስት ክረምት አሳልፌ፣ በሦስቱም በዓል ትራሱ ላይ ተቀመጥኩ። ክብር መስሎኝ። ውሃ አይረጨኝ፣ እጄ አይደክም፣ ሴቶቹ ከቅርጫታቸው የቀረፋ ዳቦ ያቀብሉኛል። ብቻ ቁጭ ማለት አልሆነልኝም፤ እነሳለሁ፣ እጎነበሳለሁ፣ ጣቴን ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። አባባ የንስ ጥርስ የለውም፣ ምላስ ግን አለው። «አላርፍ ያለች ጣት…» ይልና ዓይኑን አጥብቦ ያየኛል። የቀረውን አይጨርሰውም፤ ጀልባው ሙሉ ሰው ይስቃል።

እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለት ቀን ብር፣ ሲሰነብት መዳብ ነው ይባል የለ? እኔ ምን ላይ እንደደረስኩ የጠረጠርኩት በአራተኛው ዓመት ነው። ጦርነቱ አልቋል። በየጎረቤቱ መንደር የነበሩት የፊንላንድ ልጆች እየተሰበሰቡ ይመለሱ ጀመር። ባርኔጣ ያደረገች ሴት ትመጣለች፣ ልጁ ይታጠባል፣ ንጹሕ ይለብሳል፣ በማግስቱ የለም። ጎረቤት ያለው አብሮኝ የሚጫወተው ልጅ አንድ ሐሙስ እንዲህ ሆኖ ጠፋ፤ ፈረሱ ብቻ፣ ከእንጨት የተጠረበው፣ ደጃፋቸው ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። መኪና ሲሰማ ከጎተራው ኋላ እደበቃለሁ። በዚህ ላይ መምህር ቶርቫልድ ማምሻውን ቤታችን መመላለስ አበዛ። ቶርቫልድ የመንደሩ አስተማሪ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ወዶ ዘምቶ ፊንላንድ ስለነበረ ቋንቋውን ያውቃል። እሱ ሲመጣ እኔ እንጨት አምጪ ተብዬ እላካለሁ። እንጨቱ ከምድጃው አልፎ እስከ በሩ ተከመረ፤ አሁንም «አይሊ፣ እንጨት»።

እኔም ጆሮዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ የቻልኩትን ያህል ለቀምኩ። «በበዓሉ ትመጣለች» አለ ቶርቫልድ። «ልጅቷ እንዳትሰማ ብላለች። መጀመሪያ ልያት ነው የምትለው።» ሃልቫር ወንበሩን ሲገፋ ሰማሁ።

የስምንት ዓመት ጭንቅላቴ ወዲያው አወቀው። ባለ ባርኔጣዋ ሴት ናት፤ መርማሪዋ። ሳይነገር መጥታ ትመለከታለች፤ የሚጠቅመውን ትተዋለች፣ የማይጠቅመውን ትወስዳለች። ያ ጎረቤቴ ሰነፍ ነበር፤ ተወሰደ። አለቀ። ከዚያች ቀን ጀምሬ ሥራ ያዝኩ። የታጠበ ወለል አጠብኩ፣ የሞላ ባልዲ አፍስሼ እንደገና ቀዳሁ። ዶሮዎቹን ከማብላቴ ብዛት የተነሳ መራመድ አቃታቸው። ጌርትሩድ «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ፣ እረፊ» ብትለኝ «አልደከመኝም» ብዬ ባልዲዬን አነሳለሁ።

የምትመጣው ሴት መርማሪ አልነበረችም። እናቴ ነበረች። ሌምፒ ትባላለች። ባሏን፣ አባቴን ማለት ነው፣ ጦርነቱ በላው፤ ቤታችን ያለበት የላዶጋ ዳርቻ ለሶቪየቶች ተሰጥቶ እሷ የነበራትን ጥላ ወጣች። ከሰው ቤት ሰው ቤት እየተንከራተተች፣ ልብስ እያጠበች ከርማ፣ በመጨረሻ አንዲት ክፍል አገኘችና ልጄን ስጡኝ አለች። ግን ሳትነግሯት ልያት፣ ታውቀኝ እንደሆን ማወቅ እፈልጋለሁ ብላ ነበር። ይሄን ሁሉ ቶርቫልድ የነገረኝ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያን ጊዜ እሷ ሞታለች።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት ጀልባውን ለምለም ቅጠል አልብሰን ስንመለስ፣ ጌርትሩድና ሃልቫር ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ደረጃው ሥር ነበርኩ።

«ነገ ከእኔ ጋር ወንበራችን ላይ ትቀመጣለች» አለች ጌርትሩድ።

«ሦስት በዓል ሙሉ ትራሱ ላይ የኖረች ልጅ፣ ለምን ነገ?»

«ትያታ። የት እንደተቀመጠች ትያት።»

ሃልቫር ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «ይሄ ደግ ሥራ አይደለም፣ ጌርትሩድ» አላት።

«ደግ ነኝ ያለህ ማነው?»

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ሴትዮዋ መቅዘፍ መቻሌን ልታይ ነው። እንደ ቅጥር ሠራተኛ ልፈተን ነው። ክብሩ ቀረ፤ ትራሱም ቀረ፤ ሥራ ካልቻልኩ እሄዳለሁ። ቀሚሴን እንደለበስኩ አልጋ ውስጥ ገባሁ፤ ዓይኔ ሳይከደን ነጋ፤ መንጋቱም አይታወቅም፣ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ነው።

ጠዋት መንደርተኛው ባለ መስመር ሽርጡንና ቀይ ካባውን አድርጎ ወደ ሐይቁ ወረደ። ጌርትሩድ እጄን ጨብጣ ወደ ወንበራችን ስትጎትተኝ አባባ የንስ መሪውን እንደያዘ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዳ ከኋላ ነው።»

«እንግዳ የለኝም» አለችው ጌርትሩድ።

እሷን ትቶ ሃልቫርን አየው። ጀልባው በሙሉ ሃልቫርን አየው። እሱ ውሃውን ያያል። ልክ የሆነ ነገር ከሥሩ የሚፈልግ ይመስል ብዙ ቆየ። ከዚያ «የቤቱ ልጅ ናት» አለና መቅዘፊያውን አነሳ።

በዚያ አገር ጀልባ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ማለት ቤቱንም መሬቱንም እንደ ማውረስ ነው፤ ሌላ ምስክር አይጠየቅም። የሃልቫር ወንድም ከፊታችን፣ የራሱ ቤት ወንበር ላይ ነበር፤ ወንዶች ልጆች አሉት፣ ክኑትስ ለእነሱ ይሆናል ብሎ ኖሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ዘመን ሰላም አላለንም። እኔ ይሄን ሁሉ ከየት አውቄ? ወንበሩ እርጥብ ነበር፣ አዲሱ ቀሚሴ ረጠበ፣ ገረድ ተደረግሁ ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ያኔ ቶርቫልድ ሴትዮዋን ይዞ መጣ። ባርኔጣ አድርጋለች። ግራጫ ካፖርት ለብሳለች፣ በሰኔ፣ በዚያ ሙቀት፤ ዛሬ ሳስበው ከሥሩ የለበሰችው የሚታይ ስላልነበረ ይሆናል። ደግፈው ከኋላ አስቀመጧት፣ በእኔ ትራስ ላይ።

ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ እኔና እሷ ፊት ለፊት ነበርን።

አየችኝ። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ከጌርትሩድ ጋር አንዱን መቅዘፊያ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እንግዲህ እዪ፣ እንግዲህ መርምሪ እያልኩ ቀዘፍኩ። መቅዘፊያው ከእኔ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ስንጎትት እግሬ ከወለሉ ይነሳል፣ ስንመልስ ወንበሩ ጠርዝ ላይ እወድቃለሁ። መንገዱ ሳይጋመስ መዳፌ ተላጠ። ጌርትሩድ «ልቀቂው፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። አለቅም። በጥላቻ ነበር የማያት፤ እንዲያ አድርጌ ጠልቼ የማውቀው ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ቶርቫልድ መቼም ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው፤ ዝምታው ከብዶት ይለፈልፋል። በማላውቀው ቋንቋ ያወሩ ስለነበር እኔ የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው። ምን እንደተባባሉ ግን በኋላ ቃል በቃል ነግሮኛል፤ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ያን አይረሳም።

መጀመሪያ የጠየቀችው ይሄን ጀልባ ምን ትሉታላችሁ ብላ ነው። ሺርክቦት አላት። የቃል ፍቅር አለበት፤ ጠያቂ አገኘሁ ብሎ ደስ አለውና ከሥሩ ያስረዳት ጀመር። ሺርካ፣ ቤተ ክርስቲያን የምንልበት ቃል፣ መነሻው ግሪክ ነው አላት። ኪርዮስ ጌታ ነው፣ ኪርያኮን የጌታ የሆነ፤ በቅዳሴ ጌታ ሆይ ማረን ለማለት ኪርዬ የምንለውም ከዚያው ነው። ቃሉ ከግሪኮች ተነስቶ፣ የጀርመኖችን አገር አቋርጦ፣ በየደረሰበት አፍ መልኩን እየለወጠ እኛ ዘንድ ደረሰ። ቦት፣ ጀልባ የምንልበት ደግሞ፣ ከባሕር ማዶ ከእንግሊዞች ሳይሆን አይቀርም፤ የጥንት መርከበኞች ይዘውት መጡ ይባላል። አየሽ፣ ሁለቱም መጤ ናቸው፤ እዚህ ተገናኝተው አንድ ላይ ተቀመጡ አላት።

እሷም በእኛ አገር ኪርኮቬኔ ነው የሚባለው አለችው። አባቷ ይቀዝፍ ነበር፤ እሷም ልጅ ሆና ተሳፍራበታለች። ቶርቫልድ ይሄን ሲሰማ ጭራሽ ጋለ። ኪርኮ ከእኛ የሄደላችሁ ነው፣ ቬኔ ግን የራሳችሁ፣ ከጥንት የነበራችሁ ቃል ነው አላት።

ኪርኮቬኔ ስትል ሰምቻለሁ። በማያውቀው መንገድ ሲሄድ አንድ ያውቀው የነበረ ቤት ያየ ሰው እንደሚሆነው ሆንኩ፤ ክንዴ ላላ፣ ምቱን ሳትኩ። አባባ የንስ «አንድ ላይ» ብሎ ጮኸ። ደንግጬ መቅዘፊያውን እንደገና ጨበጥኩ፤ ያ ነገርም ጠፋ።

«ያ ከማዶ የመጣው ቃል» አለች ሴትዮዋ፣ እኔን እያየች፣ «ማዶ ያሉት ሰዎች መልሱልን ብለው ያውቃሉ?»

ቶርቫልድ ሳቀ። «ሰው አፍ ውስጥ ያደገን ቃል ማን ይመልሰዋል? ስዊድንኛ ሆኗል እኮ። ከየት እንደመጣ እሱ ራሱ አያውቅም።»

ይሄን ከብዙ ዘመን በኋላ ሲነግረኝ ሽማግሌ ሆኖ ነበር፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። «ስለ ቃሉ ነበር የማወራው፣ አይሊ» አለኝ። «እምልልሻለሁ፣ ስለ ቃሉ ብቻ ነበር። ምላሴን ቆርጬ ብጥለው በወደድኩ።»

ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ የተቀመጠችበት የማን ቦታ ነው አለችው። የቤቱ ልጅ ነው እንጂ ሌላ አይቀመጥበትም አላት። ያንን እንኳ መዋሸት አይችልም ነበር፣ እውነት ነውና። እንባዋ ሲወርድ አየሁት፤ አልጠረገችውም። እኔ ደስ አለኝ። ደከማት ብዬ ነው፤ መጀመሪያ ዓይኗን የምትሰብረው እሷ ናት ብዬ።

ቅዳሴው ላይ ከኋላችን ቆመች። ሰው ሁሉ ኪርዬ ሲል ዘወር ብዬ አየኋት፤ አፏ አይንቀሳቀስም። እኔም አላርፍ ብዬ አሥር ጊዜ እዞራለሁ፤ ሃልቫር ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

ስንወጣ ወደ እኛ መጣች። ቶርቫልድን አላስቀደመችም። ጎንበስ አለችና የራሷን ሁለት እጆች ዘረጋችልኝ፤ የእኔን አሳዪኝ ማለቷ ነው። እጆቿ በሳሙናና በውሃ የተላጡ፣ ቀይ ነበሩ። እኔ መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁ፤ ደም ቋጥሯል፣ ውሃ ቋጥሯል። ከሥራ የማልሸሽ ልጅ መሆኔን እንድታይ ነው። አውራ ጣቷን ቀስ አድርጋ ቁስሉ ዳር አሳለፈችና ስሜን ጠራችኝ። እዚህ እንደሚጠሩኝ አይደለም፤ አይ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጋ። ከስሜ ቀጥሎ ሌላም አለች። አልገባኝም። እጄን ነጠቅኋትና ከኋላዬ ደበቅኩ።

«መቅዘፍ እችላለሁ» አልኳት በስዊድንኛ። «ሁሉንም ሥራ እችላለሁ። አልሄድም።»

ቶርቫልድ ተርጉም ሲሉት አፉ ተያያዘ። እሷ ግን ሳይተረጎምላት ራሷን ነቀነቀች። ቀና ብላ ጌርትሩድን አየቻት። ሁለቱ እንደዚያ ሲተያዩ የሚመታቱ መስሎኝ ወደ ሃልቫር ተጠጋሁ። ሴትዮዋ በቋንቋችን የምታውቀውን አንዲት ቃል አወጣች፤ «ታክ» አለች፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ሴትዮዋ ካፖርቷን ቆልፋ ወደ አውቶቡሱ ሄደች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ከሰዓት ወደ ቤት ስንመለስ ከሌላው መንደር ጀልባ ጋር ውድድር ነው፤ ልማዱ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማንም ዝም ብሎ አይቀዝፍም። አባባ የንስ ቀዛፊውን በየቤት ስሙ እየጠራ ያጋግላል። ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ክኑትስ ሃልቫር አለ፤ ክኑትስ ጌርትሩድ አለ። ከዚያ ጥርስ የሌለውን አፉን ከፈተና «ክኑትስ አይሊ፣ በርቺ!» ብሎ ጮኸ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይሄን ዛሬም አልክድም። በሁለት መቅዘፊያ ርዝመት ቀደምናቸው።

ማታ፣ ፀሐዩ ገና በመስኮቱ እየገባ፣ ጌርትሩድ ወጥ ቤት አስቀምጣኝ መዳፌን ቅቤ ትቀባኝ ነበር። አጎንብሳ ስለነበር ፊቷ አይታየኝም፤ ፀጉሯ የተከፈለበትን መስመር ብቻ ነው የማየው። ቅቤውን ጉልበቴ ላይ አንጠባጠበችው። እኔ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ ወሬ ሞልቶኛል፤ ስለ ውድድሩ፣ ስለ አባባ የንስ፣ ስለ ሴትዮዋ።

«እማ፣ አሸነፍኳት አይደል?»

ጨርቁን ጠቀለለችልኝ። ቋጠሮውን ሠራች፣ ፈታችው፣ እንደገና ሠራችው።

«አሸንፈሻታል» አለችኝ።

«ደግማ አትመጣም?»

«አትመጣም።»

«እሰይ» አልኩ።